ጎማውን ከነጭቃው ተዉት

ማናንግ ሚና አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስወጣት ብትጠይቋት መጀመሪያ ትስቃለች፤ ቀጥላ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርላችኋለች። ለጠዋት አንድ ቴርሞስ የዝንጅብል ሻይ። ለምሳ ሩዝ፣ የስኳር ድንች ቅጠል፣ ከተገኘም በጭስ ከደረቀው የአሳማ ሥጋ ቁራጭ። አንድ እቅፍ አሮጌ ጨርቅ፣ ግማሽ ጣሳ ግራሶ፣ እጅ የሚታጠቡበት ናፍጣ። «ይኼ እንኳ ቀላሉ ነው» ትላለች፤ «ከሱቅ የሚገዛ ነዋ!» ከሱቅ የማይገዛውም አለ። የብየዳ ብልጭታ አንገቷ ላይ የሚተወው አዲስ ጠባሳ፣ ማሽን ሥር ተንጋላ የዋለ ወገብ፣ ማታ ልጆቿ ሲያወሯት ግማሹን የማይሰማ ጆሮ። በክረምት ደግሞ ሌላ ወጪ ይጨመራል፤ በየመሀሉ ሥራዋን አቁማ ሰማዩን ቀና ብላ ማየት።

ሙሉ ስሟ ኢሉሚናዳ ነው። ታላቅ እህትን ማናንግ ስለምንል፣ እህት ያለውም የሌለውም ሁሉ ማናንግ ሚና ይላታል። አባቷ የወርቅ ማዕድን ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ ምሳ ታደርስላቸው ነበር፤ ምሳውን አድርሳ ግን አትመለስም፣ ሥራውን ስታይ እዚያው ትውላለች። ማዕድኑ ሲዘጋ አባቷ ብረት የሚላግበትን አሮጌ ቶርኖ በሬ እንደሚነዳ ሰው እየገፉ፣ እያስገፉ ወደ መንደራችን ወደ ባላኮይ አመጡት። ሲያርፉ ከተዉት ውርስ ሁሉ እሱን ብቻ ወሰደች። ባሏ ጎመን ተክሎ አዳሪ ነው፤ «ጎመኑ የኔ፣ ብረቱ የሷ፣ ልጆቹ የጎረቤት» እያለ ይቀልዳል። ጎረቤቷ እኔ ነኝና ቀልዱ እውነትነት አለው።

ባላኮይ ከተራራው ወገብ ላይ የተለጠፈች መንደር ናት። ካሮታችን ወደ ገበያ፣ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። ዝናብ ሲበረታ ተራራው ተንዶ እዚያ መንገድ ላይ ይወርዳል። የመንግሥት ማሽኖች ዋናውን መንገድ ጠርገው እኛ ጋ እስኪደርሱ ካሮቱ ይበሰብሳል፤ ሌላውን አልናገርም። ለዚህ ነው የገበሬዎች ማኅበራችን ተበድሮ አንድ አሮጌ ሎደር፣ አፈር የሚዝቅ ማሽን፣ የገዛው። ነጂው ባለቤቴ ዳውሰን ነው። ጠጋኟ ማናንግ ሚና።

ሎደሩ ሁሉ ነገሩ ደህና ነበር፤ ከግራ የፊት ጎማው በቀር። ያ ጎማ በየክረምቱ ኩሽኔታውን፣ በዘንጉ ላይ የሚያሽከረክረውን የብረት ቀለበት፣ ይበላል። ኩሽኔታው ሲሰባበር የሚሽከረከርበትን ዘንግ ይቦረቡረዋል፤ ከዚያ ጎማው እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ከማናንግ ሚና በፊት የነበረው ሠራተኛ የተበላውን ዘንግ በቢራ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ኩሽኔታ ደርቦበት ሄዶ ነበር። እሷ ቆርቆሮውን ጎልጉላ ስታወጣ፣ «ቢራውን እሱ ጠጣ፣ ስካሩ ለማሽኑ ተረፈ» አለች። በደንብ ሠራችው። በዓመቱ ተበላ። እንደገና ሠራችው። እንደገና ተበላ።

ሰው መናገር ጀመረ። ፊት ለፊት አይደለም፤ ካሮት ሲጭኑ፣ ውኃ ሲቀዱ። «ሴትዮዋ ለማረሻ ጥሩ ናት፤ ሎደር ግን...» የሚል ዓይነት። በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ በታላቅ ወንድም ወግ ማኖንግ የምንላቸው ሮማልዶ፣ ሰብስበውን ቁርጡን ተናገሩ። ቆላ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ያለው ሰውዬ ሎደሩን ሊገዛ ይፈልጋል። ማሽኑ ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ ከቆመ ይሸጣል። «ቆሞ የሚበላ ልጅ ማሳደግ አንችልም» አሉ። እጅ ያወጣነው ወደን አልነበረም፤ ግን አወጣን። ማናንግ ሚና ብቻ እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ቆማ ቀረች።

ራዲዮው ከባሕር ስለተነሣው አውሎ ነፋስ ማውራት በጀመረ ሰሞን ዳውሰን በእግሩ ቤት መጣ። በእግሩ ሲመጣ ሳይ ገባኝ።

«ማሽኑስ?»

«የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው።»

«ያው ጎማ?»

«ያው የተረገመ ጎማ» አለና ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ማናንግ ሚና ክሪኳንና ቁልፎቿን ይዛ ስትወጣ ማኖንግ ሮማልዶ ቀድመዋት ነበር። እኔም ሴት ልጄን አዝዬ ምሳቸውን ይዤ ወጣሁ።

«ሚና» አሉ ማኖንግ ሮማልዶ፣ ባርኔጣቸውን እየጨመቁ፤ «አትድከሚ። ዘንጉን በሹል ብረት ነጥብ ነጥብ አድርገሽ ውቂውና ያብጥ። ኩሽኔታውን ቆላ እስኪወርድ ከያዘልን ይበቃናል። ሰውዬው ይረከበን።»

«እወቃዋለሁ፤ ማሽኑ ቆላ ድረስ ይወርድልዎታል» አለች፤ «ከዚያ ተራራው ይወርድብዎታል። ያኔ በምን ሊያነሡት ነው? በባርኔጣዎ?»

ዳውሰን ሳቁን በእጁ ሸፈነ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስብሰባው ወስኗል እኮ፣ ልጄ።»

«ስብሰባው ይሸጥ አለ እንጂ ከአውሎ ነፋሱ በፊት ይሸጥ አላለም። እስከዚያ ይስጡኝ። ነፋሱ አልፎ ይኼ ጎማ ከተወላገደ እኔ ራሴ ነድቼ ለሰውዬው አስረክብዎታለሁ። ቁልፉንም በእጄ እሰጠዋለሁ።»

ማኖንግ ሮማልዶ ዳመናውን አዩ፤ እሷን አዩ። «ካልሽ» ብለው ወረዱ።

ጎማው ሲወጣ ኩሽኔታው ተሰባብሮ ነበር፤ ይኼ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ግራሶው ነው። ግራሶ ሲያረጅ ይጠቁራል። ይኼኛው ነጭ ሆኗል፤ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ማናንግ ሚና በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችውና አሸተተችው።

«ውኃ ጠጥቷል» አለች።

«ወንዝ አልገባሁም፣ ማናንግ!» አለ ዳውሰን፤ «በልጄ ይሁንብኝ አልገባሁም!»

«ልጅህን ተዋት፣ ማንም አልከሰሰህም። ጎሚኒውን አቀብለኝ።»

ጎሚኒው ግራሶውን ውስጥ፣ ጭቃውን ውጭ የሚያስቀር የጎማ ቀለበት ነው። እሷ ራሷ አምና አዲስ አድርጋ ያስገባችው ነው። ብርሃን ላይ አዞረችው። አልተቀደደም፤ አልደረቀም። አንድ ቦታ ላይ ግን ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ኩሬ ውስጥ ብትቆም ውኃ እንዲህ አያጥፈውም» አለች ለራሷ እንደምታወራ፤ «ይኼ በጉልበት ተገፍቶ የገባ ውኃ ነው።» በጥፍሯ እጥፋቱን ገለጠችውና የሆነ ነገር ጎትታ አወጣች። ክር መሰለኝ። መዳፏ ላይ አኖረችው። ብርቱካናማ ነበር።

ዳውሰን ጎንበስ ብሎ አየ። «ካሮት!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

ሎደሩ የት እንደሚታጠብ ባላኮይ ውስጥ የማያውቅ የለም።

እኛ ዘንድ ሰው የቀበረ አፈር ወደ ሌላ ሰው ማሳ አይወሰድም። ተራራ ሰው ላይ ከወረደ፣ አስከሬኑን ያወጣውን አካፋም ሆነ ማሽን ከዚያ ቦታ ሳይርቅ የሟች ቤተሰብ ያጥበዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በእናት ወግ ናናንግ የምንላቸው የኡስታኪያ ባል ካሮት ሲኮተኩቱ ተራራው ወረደባቸው። ያወጣቸው ዳውሰን ነው፤ በዚሁ ሎደር። ናናንግ ኡስታኪያ የካሮት ማጠቢያ አላቸው፤ በሞተር የሚገፋ፣ ካሮቱን ገላልጦ የሚያጥብ ወፍራም ቱቦ። ያን ቀን ሎደሩን በዚያ ቱቦ አጠቡት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ መንገድ በጠረገ ቁጥር፣ ሰው ይቀበር አይቀበር፣ እየጠሩ ያጥቡታል። «ከሥሩ ማን እንዳለ ምን ይታወቃል» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከግራው የፊት ጎማ ነው። ባላቸው የተገኙት እዚያ ጎማ አጠገብ ነበር።

«እኔ አልነግራቸውም» አለ ዳውሰን።

«አንተ አትነግራቸውም» አለች ማናንግ ሚና፣ ካሮቷን በጨርቅ ጠቅልላ ኪሷ እየከተተች፤ «መጀመሪያ ግን ዘንጉ።»

ዘንጉን ከማሽኑ ፈትተው ወደ ጋራዧ አወረዱት። በተሸከሙበት እንጨት መሀል እንደታረደ አሳማ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ያዩ ሕፃናት ድግስ መስሏቸው ተከተሉ። ከሰል ላይ አሞቀችው፤ ቀዝቃዛ ብረት ብየዳ ሲያርፍበት ይሰነጠቃልና። ከዚያ የተበላውን ቦታ በብየዳ መሙላት ጀመረች። አንድ መስመር ከላይ ታስተኛለች፣ ዘንጉን ገልብጣ አንድ መስመር ከታች፤ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። በአንድ ወገን ብቻ ከተሞላ ብረቱ ወደዚያው ይጎብጣል። ስትጨርስ አላቀዘቀዘችውም፤ አመድና አሸዋ ውስጥ እንደ ስኳር ድንች ቀበረችው።

«ለምን ውኃ አይደፋበትም? ጊዜ የለንም እኮ!» አለ ዳውሰን። ሰማዩ በባሕር በኩል ጠቁሯል።

«አንተ ከትኩስ ገላ መታጠቢያ ወጥተህ በረዶ ላይ ብትጣል ምን ትሆናለህ?»

«እጮሃለሁ።»

«እሱም ይጮሃል። ሲጮህ ይሰነጠቃል። ቁጭ በል፣ ሩዝህን ብላ።»

ነፋሱ መብራቱን ሲወስደው ጄኔሬተር አስነሥታ ቶርኖውን አዞረች። ልጄ በዚያ ቶርኖ ድምፅ ተኝታ ያደገች ናት፤ እሱ ሲጀምር ዓይኗ ይከደናል። የብየዳው ጉብታ እየተላገ እየወደቀ፣ ዘንጉ እየጠራ እየጠራ መጣ። ማናንግ ሚና ትልግና ትለካለች፤ ትልግና ትለካለች። መጨረሻ ላይ መለኪያውን ትታ ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ አዲሱን ኩሽኔታ ዘይት ድስት ውስጥ አሙቃ፣ በወፍራም ጓንት አንሥታ ዘንጉ ላይ ለቀቀችው። መዶሻ አላነሣችም። ቀለበት ጣት ላይ እንደሚገባ፣ ሽው ብሎ ቦታው ገባ።

ማሽኑ ላይ መልሳ ገጠመችው፤ ጎማውን የሚያስረውን ዳዶ አጠበቀችው፤ ጎማውን በእጇ አሽከርክራ አዳመጠች፤ ዳዶውን ትንሽ አላላችው፤ ደግማ አዳመጠች። «አሁን ነው» አለች፤ ዳውሰንም ማሽኑን ከመታጠፊያው ወደ መንደሩ አወረደው። እጇን ሳትታጠብ የተሰባበረውን ኩሽኔታ፣ ነጩን ግራሶና ካሮቷን በጣሳ ይዛ ወደ ናናንግ ኡስታኪያ ወረደች። «ነይ» አለችኝ፤ «ካለቀስኩ ልጅሽን አቀፍኩ ብዬ እሸሸጋለሁ።»

ናናንግ ኡስታኪያ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ ቱቦውን ታቅፈው፣ የካሮት ክምር ላይ ውኃ እየለቀቁ ነበር። ሲያዩን ሳቁ።

«ምነው ጣሳ ይዘሽ? ዛሬ ደግሞ ብረት ልታበይኝ ነው?»

«ናናንግ፣ ይኼን በእጅዎ ይንኩልኝ።»

ቱቦውን አጥፍተው ግራሶውን በጣታቸው አሹት። «የተበላሸ ቅቤ» አሉ።

«ከሎደሩ ጎማ ውስጥ ነው። ውኃ ገብቶበት ነው እንዲህ የሆነው። ግራሶው ውኃ ሲጠጣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ይሰበራል፣ ዘንጉን ይበላል።» ከዚያ ሳታለሳልስ ጨረሰችው። «ውኃው ከዚህ ቱቦ ነው፣ ናናንግ። ይኼው ካሮትዎ።»

ናናንግ ኡስታኪያ ክሯን ካሮት አይተው፣ ቱቦውን አይተው፣ የታጠበ ካሮት በሞላ ቅርጫት ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኛ» አሉ፤ «እሱን ያወጣልኝን ማሽን ስገድለው የከረምኩት እኔ ነኝ።»

«ውኃው ነው፣ ናናንግ።»

«ውኃው በእግሩ ሄደ? እጄ ነው የያዘው! አንቺንስ ሲያሙሽ አልሰማሁም? ሚና አልቻለችም ሲሉ አፌን ዘግቼ አልሰማሁም?»

«እኔን ይተዉኝ። እኔ ወፍራም ቆዳ አለኝ፣ ብየዳ አልፎት አይገባም።»

አልሳቁም። ወደ ተራራው ዞረው፣ «አላጥበውም ማለት አልችልም፣ ልጄ» አሉ። «የእሱ አፈር በሰው ማሳ ላይ ሲዞር እያየሁ አላድርም።»

«አይታጠብ አላልኩም። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አካፋውን ይጠቡ፣ ገላውን ይጠቡ፣ በቱቦም ይሁን። የጎማው መሀል ላይ ግን ቱቦ አይድረስ። እዚያ በእርጥብ ጨርቅ፣ በእጅ።»

«እሱ የነበረው እኮ እዚያ ጋ ነው። ያ ጎማ ጋ።»

«አውቃለሁ» አለች ማናንግ ሚና፤ «ለዚያ ነው በእጅ መሆን ያለበት።»

ናናንግ ኡስታኪያ ቀና ብለው አይዋት። «ልክ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ስገንዘው በቱቦ አላጠብኩትም።» ተነሡና የታጠበ ካሮት እየመረጡ በጣሳው ሞሉላት። ግራሶ የነካው ጣሳ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም።

ዋናው አውሎ ነፋስ በማግስቱ ደረሰ። ጣሪያ ወሰደ፣ ባቄላችንን ነቀለ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ እንደፈራነው ተራራው ከነዛፉ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። ዝናቡ ጋብ ሲል ዳውሰን ሎደሩን አስነሣ። ማኖንግ ሮማልዶ መሪው አጠገብ ሊወጡ ቃጥተው ተዉት፤ ከጎማው ጎን ጎን በእግራቸው ይሄዱ ጀመር፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ማሽኑ ዛቀ፣ ገፋ፣ ደፋ። ተመልሶ ዛቀ። ማናንግ ሚና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፤ ያ አልሰማ የሚለው ጆሮዋ ለብረት ሲሆን ይከፈታል። በየመሀሉ ዳውሰንን በእጇ ታስቆመውና መዳፏን የጎማው መሀል ላይ ታሳርፋለች። አንዴ እኔንም ጠርታ አስነካችኝ። ሞቅ ብሏል፤ አያቃጥልም። ከእንቅልፏ የነቃች የልጄ ግንባር ያህል ነው። «ትኩሳት የለውም» አልኳት። «እናት ታውቃለች» ብላ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው የካሮት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ዳውሰን ሎደሩን እንደልማዱ ወደ ማጠቢያው ነዳው። ናናንግ ኡስታኪያ ቆመው ይጠብቁ ነበር፣ በአንድ እጃቸው ቱቦ፣ በአንድ እጃቸው ባልዲ። አካፋውንና ገላውን በቱቦ ለቀቁበት። ግራው ጎማ ጋ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፉ አሉ። ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈቱ፣ ባልዲው ውስጥ ነክረው ጨመቁ፣ ጉልበታቸው ላይ በርከክ ብለው የጎማውን መሀል ይጠርጉ ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሉትን ለመስማት የቀረበ የለም።

ማኖንግ ሮማልዶ ማናንግ ሚና አጠገብ መጥተው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ያ የካባው ሰውዬ ደውሎ ነበር» አሉ።

«ምን አሉት?»

«ሥራ ላይ ነው አልኩት።»

«ነገም ቢደውልስ?»

«ነገም ሥራ ላይ ነው!» አሉና ጮክ ብለው፣ «ዶሮ አምጡ፣ ማሽኑ ባዶ አፉን አይደር!» ብለው ወደ መንደሩ ሄዱ።

ክረምቱ ገና አላለቀም። ማናንግ ሚና ጎማውን በየሳምንቱ ታዳምጠዋለች፤ በጨፈገገ ቀን ሰማዩንም ታያለች። ስለሷ ልጽፍ ነው ስላት ማሽን ሥር ነበረች፤ እግሯ ብቻ ይታየኛል። «ስለኔ ምን ይጻፋል?» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ከጻፍሽ ግን ይቺን በይልኝ» ብላ ከዚያው ከሥር ነገረችኝ። እሷ እንዳለችው እነሆ፦

«እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ተራራው ወርዶባችሁ ማሽን መንገድ ከከፈተላችሁ፣ እባካችሁ ጎማው መሀል ላይ የግፊት ውኃ አትልቀቁ። ከነጭቃው ተዉት፤ ጭቃው ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል። መጥረግ ካለባችሁ በጨርቅ፣ በእጃችሁ ጥረጉት። ማመስገን ካማራችሁ ነጂውን ትኩስ ሩዝ አብሉት። ለኔ ደግሞ አሮጌ ጨርቃችሁን አትጣሉ፤ አጥባችሁ ላኩልኝ።»